ካርዱን ማን ይያዘው

በአንዲት የወረዳ ከተማ የውሃ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት፣ ከሰዓት በኋላ፤ የፋይናንስ ኃላፊዋ ወይዘሮ አሰገደች የመሥሪያ ቤቱን የግዢ ካርድ መሳቢያቸው ውስጥ ቆልፈው ተቀምጠዋል፣ የፓምፕ ጥገና ሠራተኛው ሽመክት እጁ ቅባት እንደሆነ በሩ ላይ ቆሟል።

ሽመክት፦ እሱን ሰምቻለሁ እትዬ አሰገደች። ቅድምም ይህንኑ ነው ያሉኝ። እኔ የምጠይቅዎ ካርዱን ነው።

አሰገደች፦ እኔም የምመልስልህ ያንኑ ነው። ሦስት ፕሮፎርማ፣ የሥራ አስኪያጁ ፊርማ፣ ከዚያ ካርዱ።

ሽመክት፦ ሦስት ፕሮፎርማ ከየት ላምጣ? የተቃጠለውን የፓምፕ ማስነሻ የሚሸጠው በከተማው ውስጥ አንድ ሱቅ ነው። እሱም ጋ የቀረው አንድ ብቻ ነው።

አሰገደች፦ እንግዲያው ሌላ ሱቅ የለም ብለህ ጻፍና አስፈርም።

ሽመክት፦ ማንን? ሥራ አስኪያጁ ክልል ስብሰባ ሄደዋል።

አሰገደች፦ ደውልላቸዋ።

ሽመክት፦ ደወልኩ። መጀመሪያ አላነሱም። ኋላ አነሱና ስብሰባ ላይ ነኝ ብለው አንሾካሾኩ። ፓምፑ ቆሟል፣ የሞተሩ ማስነሻ ተቃጥሏል፣ ሱቁ እዚሁ ፊት ለፊታችን ነው፣ በካርዱ እንድንገዛ ይፍቀዱልን አልኳቸው። ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? "እንደ አሠራሩ ይሁን።"

አሰገደች፦ ይሁን አሉ?

ሽመክት፦ እንደ አሠራሩ።

አሰገደች፦ ይሄማ መልስ አይደለም። ውሃው ከመጣ ፈቅጄ ነበር ይላሉ፣ ኦዲተር ከመጣ እንደ አሠራሩ ብያለሁ ይላሉ።

ሽመክት፦ ታዲያ ይህ ካርድ ለምን መጣ? አዳራሽ ሰብስበውን፣ ከእንግዲህ ለአንድ ብሎን ኮሚቴ አንሰበስብም ብለው አላስጨበጨቡንም? እርስዎም አጠገቤ ነበሩ፣ አጨብጭበዋል።

አሰገደች፦ አጨብጭቤያለሁ። ከዚያ የካርዱ የውስጥ መመሪያ ወጣ። ቀጥሎ የመመሪያው ማብራሪያ ወጣ። አሁን በካርድ ለመግዛት የሚያስፈልገው ፊርማ ከድሮው በአንድ ይበልጣል። እኔን አትየኝ፣ እኔ አላወጣሁትም።

ሽመክት፦ ዛሬ ጠዋት ሆስፒታል ሄጄ ነበር። ታንከራቸው ደርቋል። አዋላጇ በሩ ላይ ቆማ ምጥ የያዛትን ሴትዮ ቤተሰቦች ታስረዳለች። እጄን የምታጠብበት የለኝም፣ ወደ ሌላ ከተማ ውሰዷት ትላቸዋለች። ባልየው ባጃጁ ላይ ሲያሳፍራት ቱታዬን አየው። ደረቴ ላይ የመሥሪያ ቤታችን ስም ተጽፏል። አንብቦት ፊቱን አዞረ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አሰገደች፦ በሰላም ደረሰች?

ሽመክት፦ አላውቅም። ማንን እጠይቃለሁ?

አሰገደች፦ ተቀመጥ።

ሽመክት፦ ወንበርዎን ቅባት አደርገዋለሁ።

አሰገደች፦ ተቀመጥ አልኩህ። የውብሸትን ጉዳይ ታውቃለህ?

ሽመክት፦ ከእርስዎ በፊት ካርዱን ይዘው የነበሩትን? ያኔ እኔ ገጠር፣ ጉድጓድ ቁፋሮው ላይ ነበርኩ። ስመለስ አጉድለው ነው ተብሎ ሰማሁ።

አሰገደች፦ አንዲት ሳንቲም አልነካም። በጥምቀት ዋዜማ ገበያው አጠገብ ዋናው መስመር ፈነዳ። ውሃው እህል በረንዳውን አጥለቀለቀው፣ ነጋዴው ጆንያ እየተሸከመ ይሯሯጣል፣ የቀረው ከተማ ደግሞ ለበዓሉ ጠብታ አጥቷል። ሥራ አስኪያጁ ሱሪያቸውን ጠቅልለው ጭቃው ውስጥ ገቡ። ውብሸት ካርዱን ኪሱ ከትቶ ከኋላቸው ቆሟል። በጽሑፍ ይፍቀዱልኝ ቢላቸው ተቆጡ። "አሁን የፊርማ ሰዓት ነው? ሂድና ግዛ፣ ወረቀቱን ኋላ እናስተካክለዋለን" አሉት። ሮጦ ቱቦውን ገዛ፣ የጥገና ልጆች ቀጠሉት፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ውሃ ተለቀቀ። እልልታው እኔ ሰፈር ድረስ ተሰምቷል። ሥራ አስኪያጁም ሬዲዮ ላይ ቀርበው ስለ ፈጣን ምላሻችን ተናገሩ።

ሽመክት፦ ወረቀቱስ?

አሰገደች፦ ወረቀቱማ እንደታሰበ ቀረ። ውብሸት ቢሯቸው እየተመላለሰ ይለምናል። አንዴ እንግዳ አላቸው፣ አንዴ መስክ ወጥተዋል፣ አንዴ ነገ ና ይሉታል። እንዲህ እንዲህ ሲል ኦዲተሮቹ ደረሱ። ከአንድ ሱቅ ለምን ገዛህ፣ በማን ፈቃድ ገዛህ ብለው ያዙት። ሥራ አስኪያጁ ናቸው ያዘዙኝ አለ። እሳቸው ሲጠየቁ አላስታውስም አሉ። ጭቃው ውስጥ አብረው የነበሩትም ተጠሩ። አንዱ በጩኸቱ ምክንያት አልሰማሁም አለ፣ ሌላው ዘግይቼ ነው የደረስኩት አለ።

ሽመክት፦ አቶ ውብሸት ዝም አሉ?

አሰገደች፦ ምን ይበል? የዲሲፕሊን ኮሚቴው ፊት ብቻውን ገብቶ ብቻውን ወጣ። ከደረጃው ዝቅ አደረጉት። አሁን በዚያ በታመመ ጉልበቱ ቆጣሪ እያነበበ ከቤት ቤት ይዞራል። ካርዱንም ወዲያው እኔ ጠረጴዛ ላይ አምጥተው አስቀመጡት። ለኃላፊነቱ እንኳን ደስ ያለሽ አሉኝ። ያኑ ዕለት መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩት።

ሽመክት፦ የደረሰባቸው ነገር ያሳዝናል፣ አልክድም። ግን እትዬ፣ እሳቸው ተበደሉ ብለን ከተማውን በጥም እንፍጀው? እርስዎ መሳቢያውን ከፍተው ካርዱን ቢያወጡ ሥራው የአንድ ከሰዓት ነው። ፍርሃት ነው እንጂ የያዝዎት አሠራር አይደለም።

አሰገደች፦ እንካ።

ሽመክት፦ ምን?

አሰገደች፦ ካርዱን ነዋ። የሚስጥር ቁጥሩንም እነግርሃለሁ። ሄደህ ግዛ። ገዢው እኔ ነኝ ብለህ በስምህ ፈርም፣ ለምን ገዛህ ሲሉህም አንተው መልስ።

ሽመክት፦ በኔ ስም?

አሰገደች፦ በማን ስም መስሎህ ነበር?

ሽመክት፦ እኔማ ጥገና ነኝ። የፋይናንሱ ነገር… ደግሞ የኮንትራት ሠራተኛ ነኝ፣ እኔን ማገድም አያስፈልጋቸውም። ውሌን አለማደስ ነው። ልጆቼ ገና ትናንሽ ናቸው እትዬ።

አሰገደች፦ እስካሁን የጮህከው በኔ ስም ነበር ማለት ነው።

ሽመክት፦ አዎ። እንደዚያ መሆኑ አሁን ነው የታየኝ።

አሰገደች፦ አትፈር። እኔም በሌላ ሰው ስም ቢሆን ደፋር ነኝ። ካርዱን መሳቢያው ውስጥ ልመልሰው፣ ድሮም ለሌላ ሰው ማስያዝ አይፈቀድም። ልትይዘው እጅህን ትዘረጋ እንደሆን ላይ ብዬ ነው።

ሽመክት፦ አልዘረጋሁም።

አሰገደች፦ አልዘረጋህም።

ሽመክት፦ አቶ ውብሸት ይቆጫቸው ይሆን?

አሰገደች፦ እኔም ይህንኑ ጠይቄዋለሁ። በቅርቡ የቤቴን ቆጣሪ ሊያነብ መጣ። ወንበር አወጣሁለት፣ አልቀመጥም አለ፣ ገና ብዙ ቤት ይቀረዋል። ተጎንብሶ ቁጥሩን ሲያይ ጉልበቱ ሲንቋቋ ይሰማኛል። አላስቻለኝም። ያን ቀን ፊርማው እስኪመጣ ብጠብቅ ኖሮ ብለህ ታስባለህ ወይ አልኩት። ቀና አለና፣ "ሚስቴ ታስባለች፤ እኔ ግን ውሃው ሲመጣ አይቻለሁ" አለኝ።

ሽመክት፦ ሌላ ምንም አላሉም?

አሰገደች፦ ደህና ዋይ ብሎኝ ወደ ጎረቤት ተሻገረ። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ይህን መሳቢያ በቆለፍኩ ቁጥር ደስ አይለኝም። ሱቁ መቼ ነው የሚዘጋው?

ሽመክት፦ ትንሽ ቆይቶ። ለምን?

አሰገደች፦ ነጠላዬን አቀብለኝ። እኔው በእጄ እገዛዋለሁ።

ሽመክት፦ ያለ ፊርማ?

አሰገደች፦ ያለ ፊርማ። ሦስት ፕሮፎርማ ያልቀረበው ሻጩ አንድ ስለሆነ ነው፣ ፊርማ ያልተጠበቀው ሆስፒታሉ ውሃ ስላጣ ነው ብዬ ዛሬውኑ አስፍሬ ለሥራ አስኪያጁም ለኦዲትም እልካለሁ። ኋላ የሚስተካከል ወረቀት የለኝም።

ሽመክት፦ ኮሚቴ ፊት ካቆሙዎትስ?

አሰገደች፦ ያቆሙኛል። ምስክር ሲጠሩ ጩኸት ነበር፣ አልሰማሁም የሚል ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ።

ሽመክት፦ እኔ ሰምቻለሁ። ደዋዩም እኔ ነኝ፣ ፓምፑ ቆሟል ያልኩትም እኔ ነኝ። ማብራሪያውን ሲጽፉ ስሜን ከእርስዎ ስም በላይ ያድርጉት፣ መጀመሪያ እኔን ይጥሩኝ።