በርበሬው ረሳኝ

በጃንሆይ ጊዜ ነው። ከበርበሬ በረንዳ በተነሳች ሴቼንቶ ታክሲ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጡ ጠና ያሉ ሴት አስነጠሳቸው። ከፊት ያለው ሰውዬ ዞር አለ።

«ይማርዎት፣ እትዬ።»

«ያኑርህ። ዛሬ እንዲህ ያለኝ አንተ ብቻ ነህ።»

«ጉንፋን ነው?»

«በርበሬ ነው እንጂ! ዘግቼው የነበረውን ሱቅ ዛሬ እንደገና ከፈትኩ።»

«እንኳን ደስ ያለዎት!»

«ምን ደስታ አለው? ስመዝን አስነጥሳለሁ፣ ስቋጥር አስነጥሳለሁ። በርበሬ ነጋዴ አስነጥሶ ያውቃል? ገዢው ‹ይቺ ለሥራው አዲስ ነች› እያለ ጎረቤቴ ጋ ሄደ። ዕድሜዬን የፈጀሁበት በርበሬ ረሳኝ።»

«ይለመዳል፣ እትዬ።»

«መልመዱንስ ይለመዳል። ባለቤቴም ስንጀምር እንዲሁ ነበር። እኔ ከእናቴ ጋር በርበሬ ስደልዝ ያደግሁ ነኝ፣ አይነካኝም ነበር። እሱ ባስነጠሰ ቁጥር ግን ‹ይማርህ!› እላለሁ፤ በረንዳው ሁሉ ተቀብሎኝ ‹ይማርህ!› ይላል። ገዢ ሳቃችንን ሰምቶ ይመጣ ነበር።»

«ታዲያ እሳቸው አሁን አያግዙዎትም?»

«ሱቁን የዘጋሁት እኮ እሱን ቀብሬ ነው።»

«ነፍስ ይማር።»

«አሜን።»



«ነገስ ይከፍታሉ?»

«እኔንጃ። ቁልፉን ለተከራይ ልስጥ እያልኩ ነው የመጣ...»

ደግሞ አስነጠሳቸው።

«ይማርዎት!» አሉ ሰውየውና ሾፌሩ እኩል።

ሴትዮዋ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

«ያኑራችሁ። እከፍታለሁ እንግዲህ፣ ምን አባቴ ላድርግ!»

ሲኒማ ራስ ስንደርስ ሰውየው ወርዶ፣ የፊቱን ወንበር አጥፎ፣ ሴትዮዋን አሳለፋቸው።

እኔ በልቤ «ይማርዎት» ያልኩት በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው።