የአቶ መርዕድ ይድነቃቸው አሥራ ሁለት የኩሻን ሳንቲሞች

የተከበራችሁ ለቀስተኞች፣ ከሜሪላንድ ሎረልም ከቨርጂኒያ በርክም ሥራ ጥላችሁ እንደመጣችሁ እናውቃለን፤ የአቶ መርዕድ ሕይወት ግን ሳይሰሙት ቢሄዱ የሚቆጭ ነውና ጥቂት ታገሡን።

አቶ መርዕድ ከአባታቸው ከአቶ ይድነቃቸው ዘለቀና ከእናታቸው ከወይዘሮ አብርሆት ተሰማ በ1948 ዓ.ም. አዲስ አበባ ጉለሌ ተወለዱ። በዚያው ተምረው፣ በቴሌ ቴክኒሺያን ሆነው ሠርተው፣ ከወይዘሮ ዘርትሁን ጋር ትዳር መሥርተው ሳሌምን ከወለዱ በኋላ በዲቪ ወደ አሜሪካ መጥተው፣ አሌክሳንድሪያ ላንድማርክ በአንድ አፓርትመንት የጥገና ሠራተኛ ሆነው ሃያ ሁለት ዓመት አገልግለዋል።

በደብረ ዳሞ የኩሻን ነገሥታት የወርቅ ሳንቲሞች መገኘታቸውን ካነበቡ ወዲህ ግን ሌላ ሰው ሆኑ። ኩሻን ማለት፣ ልብ በሉ፣ ከአንድ ሺህ ስምንት መቶ ዓመት በፊት ከመካከለኛው እስያ እስከ ሰሜን ሕንድ የገዛ መንግሥት ነው። ወርቁን ባይችሉት ከሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ነጋዴ አሥራ ሁለት የነሐስ ሳንቲሞች ገዙ። በሳንቲሙ ፊት ንጉሡ ካባ ለብሶ በመሠዊያ ላይ እጁን ይዘረጋል፤ በጀርባው የፀሐይ፣ የጨረቃ፣ የነፋስ አምላክ፣ የየሕዝቡ አምላክ በየተራ አለ። «ሠርጉ ላይ አንድም ጎረቤት ያላስቀረ ንጉሥ!» እያሉ ይስቁ ነበር።

ከሦስት ዓመት በፊት ኩላሊታቸው ሥራ ሲያቆም፣ ወይዘሮ ዘርትሁን ሳይቆርቡ እንዳይሞቱባቸው ፈሩ። ንስሐ አባታቸው ቀሲስ ሠረቀብርሃን ግን «ቤታችሁ ጣዖት አለ ይባላል፤ መጀመሪያ ልየው» አሉ። ወይዘሮ ዘርትሁንም ሳንቲሙ ካህን ፊት እንዲህ ጠቁሮ አይቅረብ ብለው፣ ባለቤታቸው ዲያሊሲስ ላይ ሳሉ ሳጥን ውስጥ ያገኟቸውን አሥራ አንዱን በሎሚና በጨው ፈትገው አበሯቸው። የጥንት ነሐስ ምስሉ የሚቀረው በዝገቱ ቆዳ ላይ ነውና ንጉሡም አማልክቱም አብረው ታጠቡ። ቀሲስ አገላብጠው «የታለ ጣዖቱ? ልሙጥ ብረት እኮ ነው!» አሉ፤ ባልና ሚስቱም በዚያው ወር ቆረቡ።

አቶ መርዕድ አልተቆጡም። «አበጀሽ ዘርዬ፣ አበሩ» ብለው ሳጥኑን ዘጉ፤ ዳግመኛም አልከፈቱት፣ ስለ ነገሥታቱም ለማንም አላወሩም። ወይዘሮ ዘርትሁን ዝምታቸውን የበሽታው ድካም አድርገው ቆዩ። ምን አጥበው እንዳጠፉ የገባቸው ባለፈው ማክሰኞ፣ ከሆስፒታል በተመለሰው የባለቤታቸው ጃኬት ኪስ ውስጥ አሥራ ሁለተኛውን፣ ዲያሊሲስ ሲሄዱ የሚይዙትን ያልታጠበውን ሳንቲም አግኝተው ንጉሡን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያዩት ነው። ይቅርታ የሚጠየቁት ሰው አልፈዋል። ይህ ሳይደበቅ እንዲነበብ ያዘዙት ወይዘሮ ዘርትሁን ራሳቸው ናቸው።

አቶ መርዕድ በተወለዱ በሰባ ዓመታቸው ሲያርፉ ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን ሳሌምን፣ የልጅ ልጃቸውን ዕዝራንና እህታቸውን ወይዘሮ መዓዛን ትተዋል። የቆረቡት ሥጋና ደም ስንቅ ሆኗቸው፣ አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን።

ሳንቲሙ በሩ አጠገብ ሰሐን ላይ ነው። ስትወጡ ዓይናችሁን ጨፍኑና በአውራ ጣታችሁ ዳብሱት፤ ወደ ግራ መሠዊያው፣ ከበላዩ የንጉሡ እጅ ይገኛል። አደራ፣ አትጥረጉት።