ችካላችን ሳይነቀል

ክቡራትና ክቡራን፣ ጓድ ሥራ አስኪያጅ፣ የልኬት ክፍል ባልደረቦቼ፤ አሰላሙ ዓለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ! ለጡረታ ሽኝቴ በግ አርዳችሁ፣ ይህን የመሰለ ነጭ ጋቢ ስላለበሳችሁኝ አላህ ያክብራችሁ። ነጭነቱን ለምን እንዳነሣሁ ኋላ ትረዱታላችሁ።

እኔ እንድሪስ በዚህ መሥሪያ ቤት ሠላሳ ዓመት ችካል ተክያለሁ። ለቤት መሥሪያ ቦታ የተመራው ሁሉ፣ በአራቱም ማዕዘን የእኔ መዶሻ አርፎበታል። ነቅያለሁም። መመሪያውን ታውቁታላችሁ፤ ዓመት ሙሉ ግንባታ ያልጀመረ ሰው ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ነቃዩም እኔው ነኝ። የሰው ችካል ስነቅል በዋልሁ ዕለት ምሳ አይበላልኝም ነበር።

ሾፌራችን ብሩ አንዲት ጥያቄ አለችው። አዲስ ተመራቂ በመጣ ቁጥር፣ «ለመሆኑ ዲግሪ ዝናብ ያስጥላል?» ይላል። እንስቃለን። ግን ያስቅ ነበር እንዴ? ስንት ዓመት ሙሉ ተምረው የሚያድሩት በዘመድ ቤት ነበር።

መሐንዲስ ለይላን ተመልከቷት። አትፈሪ ልጄ፣ ዛሬ ቀኑ የእኔ ነው! ከባሏ ከመምህር ጀማሉዲን ጋር ደሴ አክስቱ ቤት፣ አንዲት ክፍል ውስጥ ነበሩ። ጠዋት በአውቶቡስ የሐረጎን ዳገት ቁልቁል ወርዳ እዚህ ኮምቦልቻ የሰው ቦታ ስትለካ ትውላለች፤ ማታ ሽቅብ ወደ አክስት ቤት። በቤት ሥራ ማኅበሯ በኩል ቦታ ሲደርሳት ችካሏን የተከልሁት በእልልታ ነው። ፕላኑን ራሷ ነደፈችው፤ የድንጋይ መሠረት፣ የብሎኬት ግድግዳ። ሲሚንቶ ግን ወረፋ ነው። ስትጠብቅ ዓመቱ አለቀ።

አምና ግንቦት ላይ፣ ችካላቸው የሚነቀል ሰዎች ዝርዝር ደረሰኝ። ድሮ ዝርዝር የሚያነብልኝ ሌላ ሰው ነበር። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ከቆጠርሁ ወዲህ ግን ራሴ ነኝ የማነበው። ሰባተኛው ስም ላይ ቆምሁ፤ ለይላ ይላል። ከታች ያለውም ፊርማ የእሷው ነው። ስሟን ዘልላው ብታልፍ ማን ያያት ነበር?

«ልጄ፣ ይቺ ለይላ ማናት?» አልኋት።

«እኔው ነኝ፣ ጋሽ እንድሪስ። ሰኞ ይንቀሉት።»

«መመሪያው ሲሚንቶ ይላል?»

ፋይሉን ከፍታ አየች። «ግንባታ የተጀመረበት ቦታ አይነጠቅም ነው የሚለው። ሲሚንቶ አይልም።»

«እንግዲያ ጭቃ ነዋ!»

«መሐንዲስ ሆኜ የጭቃ ቤት?»

«የአክስታችሁስ ቤት ከምን ተሠራ?»

ሳቋ አመለጣት።

ቅሬ፣ ዕድራችን፣ ለቀብር ብቻ ነው ያለው ማነው? ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ለሰፈራችን ቅሬ ነገርኋቸው። እሑድ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አካፋውን ይዞ መጣ። ሰንበት ነው ብለን ስንሰጋ፣ ቄስ በላቸው «ቤት ለሌለው ቤት መሥራት ጽድቅ ነው» ብለው ራሳቸው ጭድ በተኑ። ጉድጓድ ልንምስ ስንል ግን ለይላ አስቆመችን። «ውሃው ከላይ ነው የሚመጣው፤ መጀመሪያ ቦይ!» ግማሽ ቀን ቦይ አስቆፈረችን። ወላሂ እኔም አጉረምርሜያለሁ። ያም ሆኖ ፀሐይ ሳትጠልቅ ግድግዳው ቆሞ፣ ማገር ለብሶ ነበር። ሰኞ ሄጄ ሳልነቅል ተመለስሁ። ክረምት ሲገባ እኛ ቀድሞ ያለ ቦይ የሠራናቸው የጎረቤት ቤቶች ጎርፍ ገባባቸው፤ የለይላ ቤት ግን ጠብታ አልነካውም።

ስለዚህ ብሩ፣ መልስህን ይዘህ ሂድ። ዲግሪ ብቻውን ዝናብ አያስጥልም። ውሃው በየት እንደሚመጣ ግን ያሳያል፤ ቤቱን የሚያቆመው ሰው ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባል የለ? ልጆቻችሁን አስተምሩ! እኔ በሃምሳ ዓመቴ የቆጠርኋት ፊደል እንኳ የአንዲት ሴት ቤት አድናለች።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። እኔና ባለቤቴ ዘይቱና የምንኖረው መጋዘኑ ጥግ ባለችው የመሥሪያ ቤቱ ቤት ነው። ጡረታ ስወጣ አስረክባለሁ፤ ቁልፉ የሚመለሰው ሰኔ ሠላሳ ነው። ለሰው ስለካ የራሴን ረስቻለሁ። እውነቱን ልናገር፣ ማመልከቻ ማስገባት የተማረ ሰው ነገር ይመስለኝ ነበር። መጋቢት ላይ ለይላ «ጋሽ እንድሪስ፣ የእርስዎ ችካል የት ነው?» አለችኝ። ቅጹን አምጥታ ብዕሩን ሰጠችኝ። «እኔ እነግርዎታለሁ፣ እርስዎ ይጻፉ።» በገዛ እጄ ጻፍሁት። ባለፈው ሳምንት የመጨረሻዎቹን አራት ችካሎች ተከልሁ፤ የራሴ ናቸው።  አለቀስሁ።

ከኔ በኋላ ነቃዩ ሞላ ነው። ሞላ፣ ስሜን በዝርዝርህ ላይ እንዳላይ!

እንግዲህ ልመርቃችሁ፤ አሚን በሉ። ቤት የሌላችሁ ባለቤት ሁኑ፤ አሚን! ያላችሁ አይፍረስባችሁ፤ አሚን! ልጆቻችሁ ተምረው ያሳርፏችሁ፤ አሚን! ክረምቱ የጥጋብ፣ አገሩ የሰላም ይሁን፤ አሚን!

ድምፃችሁ ሁሉ ተሰምቷል። ነጩን ጋቢዬን ጭቃ እንዳይነካው ዘይቱና ዘንድ አስቀምጬ እሑድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ቦታዬ ላይ እጠብቃችኋለሁ። አሚን ያለ ሁሉ አካፋውን ይዞ ይምጣ፤ መጀመሪያ ቦይ ነው የምንቆፍረው።