ስለ አንዲት ሟችና ስለ አንድ ቅጽል

ካፖርቴን ላሳጥር ወደ ሰፈራችን ልብስ ሰፊ ጎራ ባልኩ ጊዜ፣ ሽማግሌው ከወንድማቸው ልጅ ጋር ሲከራከሩ ደረስኩ። እሷ ለሕክምና ተማሪዎች ላቲን የምታስተምር መምህርት ናት። የሽማግሌው ሚስት በጡት እጢ ከሞቱ ዓመት አልሞላም፤ አሁን ደግሞ ሴት ልጃቸው ጡቷ ላይ እብጠት አግኝታ፣ አባቷ ሐኪም ቤት አትሄድም ብለው ነበር።

«አክስትሽ በእግሯ ገብታ በቃሬዛ ወጣች» አሉ መቀሱን እያስቀመጡ። «ሐኪሙ ‹ማሊግኑስ› አለ። ትርጉሙን ብጠይቅ ክፉ ማለት ነው አሉኝ። ጎረቤት አስቀይማ የማታውቅ ሴት በሞት አፋፍ ክፉ ትባል? ልጄንም እንዲህ እንዲሏት አልወስዳትም።»

መምህርቷ በርጩማ ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች። ሐዘኑን በቁጣ ለሸፈነ ሰው መልስ ከማቀበል መታገሥ ይሻላል።

«አጎቴ፣ ቃሉ ከሁለት የተገጠመ ነው። ‹ማሌ› በክፉ ማለት ነው፤ ‹ግኑስ› ከመወለድ የመጣ ነው። ሲገናኙ ከፍጥረቱ ክፉ እንደ ማለት ነው። ደግ ሆኖ የተፈጠረውን ‹ቤኒግኑስ› ይሉታል።»

«ይኸው፣ አንቺም አመንሽ።»

«ያስጨርሱኝ እንጂ። እኛ ክፉ ወንድ፣ ክፉ ሴት ስንል ቃሉን አንነካውም። በላቲን ግን ቅጽል የሚገልጸውን ስም በጾታ ይከተላል፤ ለሴት ቢሆን ‹ማሊግና› ይባል ነበር። ሐኪሙ ‹ማሊግኑስ› ያለው እጢውን ነው፤ እጢ በዚያ ቋንቋ ወንድ ነው። አክስቴን ማንም ክፉ አላላትም።»

ሽማግሌው ዓይናቸውን በእጃቸው ጋረዱ። «እሷ ግን እንደዚያ መስሏት ሞተች። ‹ማንን በድዬ ነው?› ትለኝ ነበር።»

ያልገባ ቃል ከበሽታው ባልተናነሰ እንደሚያሠቃይ ያን ቀን አየሁ።

«የልጄስ ደግ ይሁን ክፉ በምን ይታወቃል?» አሉ።

«በምርመራ። ሐኪሙ ያለውን ይጠራል እንጂ አይፈጥረውም። ቤት ብትቀመጥ የሚቀርላት ስሙ ነው፤ እጢው አይቀርላትም።»

በማግሥቱ ሱቁን ዘግተው ልጃቸውን ወሰዱ። እጢው ክፉው ሆኖ ተገኘ። ጡቷ ተቆረጠ፤ አባትና ልጅ ተያይዘው አለቀሱ። ሆኖም ሳይሠራጭ ስለተደረሰበት ተረፈች፤ ዛሬ ከአባቷ ጎን ተቀምጣ ትሰፋለች።

ኋላ ሽማግሌው እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ሰውነቱ ላይ እንግዳ ነገር ያየ ሰው ሳይውል ሳያድር ይመርመር። ሐኪም የተናገረው ካልገባውም ይጠይቅ፤ መጠየቅ አያሳፍርም። ባለቤቴ እብጠቷን አፍራ ደብቃ ከረመች፤ ክፉ የተባለው ማን እንደሆነም ሳትጠይቅ ቃሉን ይዛው ሄደች። አሁን ማን ሄዶ ‹አንቺን አይደለም ያሉት› ይበላት?»