ከጠመንጃው ጋር የቆረበ ቀለህ

አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ከግሼም ከመርሐቤቴም ገደሉን ወጥታችሁ የመጣችሁ ለቀስተኞች፤ እኔ የሟቹ የዜማ ቤት ጓደኛ አፈወርቅ ከማነበው የሕይወት ታሪካቸው ውስጥ አንዲት ቃል ውሸት ብትገኝ፣ የቀረችኝን ቁራጭ ዕድሜ ዛሬውኑ ይውሰዳት፤ ጉድጓዱ እንደሁ ተቆፍሯል።

አቶ መርስዔ ኃዘን ከአባታቸው ከአቶ ጫኔና ከእናታቸው ከወይዘሮ አዛለች በ1938 ዓ.ም. በመንዝ ከዘመሮ ከፍ ብሎ በሚገኘው ቀበሌያችን ተወለዱ። ሲወለዱ ያለቀሱት በአራራይ ዜማ እንደ ነበር አዋላጃቸው እስኪሞቱ ድረስ መስክረዋል። ፊደል ቆጥረው፣ ዳዊት ደግመው ዜማ ቤት በገቡ ጊዜ፣ ከኮረብታ ማዶ ዜማ ሲሰበር ሰምተው ካሉበት የሚያርሙ ሆኑ፤ ነገር ግን ጆሮ የሰጣቸው አምላክ ድምፅ ስለ ነሳቸው፣ ሲያዜሙ ምእመናን በር በሩን ያዩ ስለ ነበር፣ ወደ ገብስ እርሻቸው ተመለሱ። ወይዘሮ ደብሪቱንም በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን አግብተው እየሩስንና አወቀን ወለዱ።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ከተለወጠ ወዲህ ምንሽር የሚባለው የድሮ ጠመንጃ ጥይት ከገበያ ሲጠፋ፣ ሌላው ሰው ተኩሶ የሚጥለውን የናስ ቅርፊት፣ ቀለሁን፣ ለቅመው እንደ ገና ማዘጋጀት ጀመሩ። ባሩድና እርሳስ መሙላት የማንም ሥራ ነው፣ ቁም ነገሩ ቀለሁን መምረጥ ነው ይሉ ነበር። ቀለህ ሲተኮስ ከጠመንጃው ሆድ ጋር ተለካክቶ ስለሚወጣ፣ የአንዱን ጠመንጃ ቀለህ ለሌላው መስጠት ምንዝር ነው ብለው፣ ለያንዳንዱ ምንሽር የራሱን ከረጢት ሰፍተው ግድግዳው ላይ ይሰቅሉ ነበር። አንገቱ የተሰነጠቀውን ይጥላሉ፤ የረዘመውን ይሞርዳሉ፤ በመጨረሻም አፉን ወደ ከንፈራቸው አስጠግተው እፍ ይሉና፣ ፉጨቱ ከባልንጀሮቹ ቃና የወጣውን ለብቻው ያኖሩታል።

የአወቀ ሠርግ በደረሰ ጊዜ ግን ወይዘሮ ደብሪቱ ያ የጠቆረ ናስ በአማቾች ፊት ያሳፍረናል ብለው፣ ከረጢቱን ሁሉ አንድ ገበቴ ላይ ገልብጠው፣ በአመድ አሽተው እንደ ወርቅ አብለጨለጩት። አቶ መርስዔ ኃዘን ከእርሻ ሲመለሱ የጠመንጃው ሁሉ ትዳር ፈርሶ አገኙ። አንዲት ክፉ ቃል ሳይናገሩ ግን ደጃፍ ተቀምጠው እያንዳንዱን እያፏጩ ለየባለቤቱ መለሱት። ፉጨቱን የሰሙ በጎች ከግጦሽ ገቡ፤ ማሕሌት የተጀመረ መስሏቸው መቋሚያቸውን ይዘው የመጡ መሪጌታም አሉ።

የሙሽራዋ የእስከዳር አባት አቶ ቢተው የመርሐቤቴ ሰው ናቸው። በእነሱ ደጅ ሙሽራው ከገደሉ ማዶ ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ዕንቁላል ካልመታ ሙሽራ አትወጣም፤ የሚፈቀድለት ሦስት ጥይት ነው፤ ሦስቱንም ከሳተ ባዶ በቅሎ እየሳበ ለከርሞ ይመለሳል። አወቀ አባቱ ጠጋግነው የሠሩትን ጥይት በአማቾቹ ፊት ለማውጣት አፍሮ ኖሮ፣ ሚዜው ከዓለም ከተማ የገዛለትን አዲስ ጥይት አጎረሰ። አንዱ ከላይ አለፈ። ሁለተኛው ከታች አፈር አቦነነ። የአቶ ቢተው ዘመዶች፣ መንዝ በግ ማርባቱን እንጂ ማነጣጠሩን ማን አስተማረው እያሉ ሲስቁ፣ እስከዳር በመጋረጃው ቀዳዳ ታይ ነበርና እንባዋ መጣ።

ያን ጊዜ አቶ መርስዔ ኃዘን ከዳሱ ተነሥተው አንዲት ጥይት በልጃቸው መዳፍ ላይ አኖሩና፣ “ልጄ፣ ያኛው ጥይት እንግዳ ነው፤ አያውቅህም። ይህች ግን ከጠመንጃህ ጋር ቆርባለች” አሉት።

አወቀ ተኮሰ፤ የዕንቁላሉ አስኳል ገደሉን ተሻግሮ የአቶ ቢተውን ነጠላ አቀለመው። አቶ ቢተውም ነጠላቸውን ሳያራግፉ ልጃቸውን አውጥተው ሰጡ።

ከዚያ ወዲህ ከራቤል ሳይቀር ቀለሁን በአገልግል እየጫነ ያልመጣ የለም። እሳቸውም ለአውሬ መከላከያና ለሠርግ የሚሻውን ያስተናግዳሉ፤ ደም ለመመለስ የመጣውን ግን፣ ቀለሁን አገላብጠው አይተው፣ ተሰንጥቋል ብለው ያሰናብቱታል። በሳቸው ዘመን በአገራችን የተሰነጠቀ ቀለህ የበዛው፣ የመበለት ቁጥርም ያነሰው በዚህ ምክንያት ነው።

በመጨረሻ ትንፋሽ የሚያሳጥር የደረት ሕመም ጸንቶባቸው፣ ማፏጨቱን ለምራታቸው ለእስከዳር አስተምረው፣ በጸበልም በሐኪምም ሲረዱ ቆይተው፣ ትናንት በ2004 ዓ.ም. የሰኔ ሚካኤል ዕለት ዐርፈዋል። ወይዘሮ ደብሪቱን፣ እየሩስንና አወቀን፣ እስከዳርን፣ የልጅ ልጆቻቸውን እነ ህሊናን፣ የማያፍር ጠመንጃ የያዘ አገርም ትተውልናል። አምላከ ቅዱሳን ነፍሳቸውን ከመላእክት ማሕሌት ያስጠጋልን፤ እዚያ የሚያርሙት ባያገኙም ሲያዳምጡ ይኑሩ። አሜን።

ወይዘሮ ደብሪቱ ከነጠላቸው ሥር አተኩረው እያዩኝ ስለ ሆነ አንዲት ነገር ላርም። ከረጢቱ የተደባለቀ ዕለት አቶ መርስዔ ኃዘን አንዲት ክፉ ቃል አልተናገሩም ያልሁት እኔ የጨመርሁት ነው። ተናግረዋል፤ ምን እንዳሉ ግን በዚህ የቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ አይነበብም።