እጀ ወርቁ ጎረቤታችን

ውዳሴዬ፣ እንዴት ዋልሽ የኔ ልጅ? ዛሬስ ውሃው በጠዋት መጣልን አይደል? እኔማ ድምፁን ስሰማ ተነስቼ በርሜሉን ሞልቼ፣ ያለ የሌለውን ጨርቅ ሁሉ አጥቤ ነው የወረድኩት። እስቲ ልብስሽን ትንሽ ጠጋ አድርጊልኝና አንሶላዬን እዚህ ላስጣ። ፀሐዩም ደስ ይላል። ላፍቶ እንዲህ ያለ ፀሐይ ካየች ስንት ጊዜዋ...

ይኼ መዶሻ ከእናንተ መስኮት ነው የሚሰማው? አይ፣ አይረብሸኝም። ምን ይረብሸኛል? በዚህ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አምፖል ሲቃጠልበት ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብሎ መብራት ኃይልን የሚረግም ወንድ ነው የሞላው። መዶሻ የሚያነሳ ባል ማግኘት መታደል ነው። አንቺ ታድለሻል።

መዶሻ ስሰማ አንድ ሰው ትዝ ይለኛል... ስሙን አልጠራም። ስም ከጠራሁ ሐሜት ይሆንብኛል፣ እኔ ደግሞ ሐሜት እንደማልወድ ታውቂያለሽ። ላመሰግነው ብዬ ነው። ታውቂው ይሆናል፤ ባታውቂውም ግድ የለም።

እጀ ወርቅ ነው። ወርቅ ለጌጥ እንጂ ለሥራ አይሆንም የሚል ካለ፣ እሱ ምቀኛ ነው። ሰውዬው ስልኩ ላይ ቪዲዮ ያያል፣ ያየውን ወዲያው ይሠራል። መማር ምን ያደርጋል? እዚያች ከላይ ያለችው ልጅ የፍሪጇ በር አልገጥም ብሏት ነበር፤ በቀበቶ ጥርቅም አድርጎ አሰረላት። ዛሬ ወተት ባሰኛት ቁጥር ፍሪጇን ቀበቶ ታስፈታለች። የኛን ደረጃ ደወልም እሱ ነው የሠራልን። ደወሉን ስትጫኚው የኮሪደሩ መብራት ይጠፋል። እንግዳ መምጣቱን በጨለማው ነው የምናውቀው... ምን ቸገረን? ማወቁ አይደል ቁም ነገሩ? የጊቢያችንን ጥበቃ ዳዲንም አልረሳውም። የስልክህን ጭረት ላጥፋልህ ብሎ በጥርስ ሳሙና አሸለት። ጭረቱ ጠፋ፣ እውነቱን ልናገር፣ ጠፋ። ድምፁም አብሮ ጠፋ እንጂ። ስልኩ ግን ሽታው ደስ ይላል።

እኛ ቤት የሆነውን ግን አልነገርኩሽም መሰለኝ። ወይስ ሰምተሻል?

የኔው ባል፣ ጋሽ ወጋየሁ፣ ጆሮው ከባድ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ዕድሜውን ሙሉ ክር ፋብሪካ ማሽን ሥር ቆሞ፣ ጡረታ ሲወጣ ጆሮውን እዚያው ትቶት መጣ። ልጄ ቤተልሄም ሥራ እንደያዘች ነው ያቺን የመስሚያ መሣሪያ ያመጣችለት። መጀመሪያ የሰካት ቀን ምን እንዳለ ታውቂያለሽ? ቧንቧው ይንጠባጠባል አለኝ። ለካ ስንት ዓመት ሲንጠባጠብ የኖረ ቧንቧ ነው፣ እኔም ለምጄው ትቼው ነበር። ከዚያ ወዲያ ያቺን መሣሪያ በነጭ መሐረብ ጠቅልሎ ነው የሚያሳድራት። እኔን እንኳ እንዲህ አልጠቀለለኝም።

ታዲያ ከገና በኋላ ድምፅዋ ደከም አለ። ክሊኒክ ደውለን ማክሰኞ አምጡት ተባልን። እሑድ ደግሞ ለቤተልሄም ሽማግሌ ሊመጣ ነው። ሉቃስ የሚባለውን ልጅ አይተሽዋል አይደል? ያ ረዥሙ፣ አንገቱን ደፍቶ ሰላም የሚለው። ጋሽ ወጋየሁ ጨንቆት ደረጃው ላይ መሣሪያዋን እያገላበጠ ሳለ፣ ያ ባለሙያ ደረሰለት። ምን ክሊኒክ ያስኬዳል፣ እኔ እያለሁ? አለው። የሰው ችግር አያስችለው! እኔ ማክሰኞ ይድረስ ብዬ ነበር። ግን ሽማግሌ ፊት ምን አላችሁ እያለ መቀመጥ አሳፍሮት ሰጠው።

ቤቱ ወስዶ ከፈታት። ከፍቶ፣ ጠርጎ፣ ባትሪዋን በእጅ ሰዓት ባትሪ ቀይሮ፣ ስንጥቋን በሱፐር ግሉ ደፍኖ፣ ሁሉንም ቪዲዮ ቀርጾ ቲክቶክ ላይ ለቀቀው። የመስሚያ መሣሪያ ቤታችሁ ሆናችሁ እንዲህ ትጠግናላችሁ ብሎ። ስንቱ ወደደው መሰለሽ! እጅህ ይባረክ ያለው ሰው ብዛቱ... የኛን ሰው ጆሮ ግን ማንም አልጠየቀውም።

መሣሪያዋ ስትመለስ ታፏጫለች። ሰክቶ ጭንቅላቱን ባዞረ ቁጥር ትጮኻለች። ጋሽ ወጋየሁ ሲነግረው፣ ትለምደዋለህ አለው። አየሽ ትዕግሥት ሲያስተምር?

እሑድ ሽማግሌዎቹ መጡ። አለቃቸው ጋሽ ደምሰው ነበሩ፣ የሉቃስ አጎት። እንደ ወጉ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። ጋሽ ወጋየሁ ካባውን ደርቦ፣ ምን ጉዳይ አመጣችሁ ብሎ ጠየቀ። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነበር። ጋሽ ደምሰው መናገር ሲጀምሩ መሣሪያዋ ማፏጨት ያዘች። ሰዉ ሁሉ ዘወር ዘወር አለ። እሱ አፈረና ጆሮውን የሚያክ መስሎ ነቅሎ ኪሱ ከተታት። አልሰማም እንዳይል ኩሩ ነው። የሰው አፍ አፍ እያየ፣ ራሱን እየነቀነቀ ቆመ።

ጋሽ ደምሰው ስለ ልጁ ጠባይ ተናገሩ፣ ስለ ሥራው ተናገሩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እናቱ ዛሬ አብራን ልትቆም ይገባት ነበር፣ ነገር ግን አምና በሞት ተለየችን አሉ። ሉቃስ መሬት መሬቱን ያያል። አክስቱ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። እኔ ከጓዳ ብቅ ስል ጋሽ ወጋየሁን አየሁት፤ ሁሉም እሱን ያዩታል፣ መልስ ይጠብቃሉ። መልካም ነገር የተናገሩ መስሎት ፊቱ ሁሉ በራ። እጁን ዘርግቶ፣ ከልቡ፣ ጮክ አድርጎ፦

«እሰይ! እሰይ! ለእኛም እንዲህ ያለውን ያድርግልን!» አለ።

...

ውዳሴዬ፣ አክስቱ ቀድማ ወጣች። ጋሽ ደምሰው፣ እንግዲህ ተመካክረን እንመለሳለን ብለው ሄዱ። የሠራሁት ወጥ ክዳኑ ሳይነሳ ቀረ። ቤተልሄም መኝታ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። እሱ መሐል ሳሎን ካባውን እንደደረበ ቆሞ፣ «ምን አጠፋሁ?» ይለኛል። ጆሮው ሥር ሄጄ ጮኼ ነገርኩት። እንዴት ብዬ ቀስ አድርጌ እነግረዋለሁ? በዝግታ የሚነገር ነገር አይሰማ። እንዲህ ያለውን ነገር እየጮኹ መንገር... ለማንም አይድረስ።

እስከዚህ ድረስ እንኳ ስህተት ነው እንበል። ሰው ይሳሳታል። የሰውዬው ችሎታ የታየው ከዚያ በኋላ ነው። ጋሽ ደምሰው የጊቢው በር ላይ መኪና ሲጠብቁ ያንን ባለሙያ አገኙት። እኚህ ሰው ጤነኛ ናቸው ወይ ብለው ጠየቁት። መቼም ሽማግሌ ሲጠይቅ መልስ መስጠት ጨዋነት ነው። መሣሪያዋን እኔ ነካክቻት ነበር፣ አልሰሙ ይሆናል ቢል ምን ይጎድልበት ነበር? እሱ ግን ድምፁን በሐዘን ዝቅ አድርጎ፣ «መርሳት ጀምሯቸዋል፤ ቤተሰቡ ደብቆ ነው እንጂ ሠፈሩ ያውቃል» አላቸው። ዳዲ ወንበሩ ላይ ሆኖ በጆሮው ሰምቷል። ስልኩ ነው የተበላሸው እንጂ የዳዲ ጆሮ ደህና ነው።

አየሽ ብልሃቱን? መሣሪያዋን መጠገን ቢያቅተው ሰውዬውን አበላሸው።

ምነው፣ መዶሻው ዝም አለ? ባልሽ ሚስማር አለቀበት እንዴ? ... መስኮቱም ክፍት ነው። ይሁን፣ ነፋስ ይግባለት።

ከዚያማ ወሬው ከኛ ፊት ፊት ደረጃ ይወጣል። ጎረቤት ሁሉ ጋሽ ወጋየሁን እንደ ሕፃን ማባበል ጀመረ። አንዷ እንዲያውም ለደግነቷ፣ እንዳይጠፋብሽ አድራሻውን ጽፈሽ ኪሱ ክተቺለት አለችኝ። እሱ ሞኝ አይደለም፣ ዓይኑ ያያል። ሰዉ ለምን እንደሚያዝንለት ሲገባው ከቤት መውጣት ተወ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቀመጣል። ለቤተልሄምም የሉቃስ ስልክ ጥሪ ቀነሰባት፣ ኋላም ቀረ። አባትና ልጅ አንድ ማዕድ ላይ ተቀምጠው አይተያዩም። ያ ሰው በዚህ መሐል ደረጃ ላይ ሲያገኘኝ ምን ይለኛል መሰለሽ? አይዞሽ፣ ዕድሜ ነው። እኔም አመሰገንኩት። ምን እላለሁ?

እግዜር ይስጠው ያ ሉቃስ፣ አንድ ቅዳሜ ብቻውን መጣ። ቁጣ ይዞ የመጣ መስሎኝ ነበር። ልጁ ግን ገብቶ ጋሽ ወጋየሁ እግር ሥር ወንበር ስቦ ተቀመጠና፣ አባባ፣ የዚያን ቀን ምን ሰምተው ነው እንደዚያ ያሉት? ብሎ ጠየቀው። ጋሽ ወጋየሁ ከንፈሩን አይቶ ጥያቄው ገባው። መሐረቡን ፈትቶ መሣሪያዋን እጁ ላይ አኖረለት። ሉቃስ ገልበጥ አድርጎ አያት። ሱፐር ግሉው ድምፅ የሚወጣበትን ቀዳዳ ደፍኖ እንደ ድንጋይ ደርቋል። ለዚህ ደግሞ ሊቅ መሆን አያስፈልግም፣ እኔም በመነጽሬ አየሁት። ልጁ መሣሪያዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት። ከዚያ ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ፣ ስለ እናቱ እንደገና ከመጀመሪያው ነገረው። እንዴት እንደታመመች፣ እንዴት እንደሞተች።

ከዚያ በፊት ጋሽ ወጋየሁ ሲያለቅስ ያየሁት እናቱን የቀበረ ዕለት ብቻ ነበር። የልጁን አንገት አቅፎ፦

«ልጄ፣ አልሰማሁም ነበር። ብሰማማ ተነስቼ አብሬህ አለቅስ ነበር» አለው።

ቤተልሄም በሩ ላይ ቆማ ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለውን አልነግርሽም፣ የልጆች ነገር ነው።

ሉቃስ ራሱ ክሊኒክ ወስዶት አሮጊቷ መሣሪያ አትድንም ተብላ አዲስ ተሠራለት። ጋሽ ደምሰውም ተመልሰው መጡ፣ ይቅርታ ጠየቁ፣ ይቅርታ ተጠየቁ፣ ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ይሁን ተባለ። እኔ ወጡን እንደገና ሠራሁ። ይኸው እንግዲህ፣ ጋሽ ወጋየሁ ዛሬ በሹክሹክታ የሚወራውን ሁሉ ይሰማል። ብዙ ሰው ይኼን ገና አልሰማም መሰለኝ፣ አሁንም አጠገቡ ቆሞ ያማዋል።

ያ ሰው ይቅርታ ጠየቀ ወይ አልሽኝ? አላልሽኝም እንዴ... ፊትሽ ያለ መስሎኝ ነው። አልጠየቀም። ባለፈው ሳምንት ደረጃ ላይ ጋሽ ወጋየሁን አዲሷን መሣሪያ ሰክቶ አየው፤ ትከሻውን መታ አድርጎ፣ «አላልኩህም ጋሼ? ትለምደዋለህ ብዬ ነበር» አለው። አየሽልኝ? የሱ ሥራ መስሎታል። ቪዲዮውም እስካሁን አለ፣ እስካሁን እጅህ ይባረክ ይሉታል። ጋሽ ወጋየሁ ምን አለ መሰለሽ? ምንም። ፈገግ ብሎ አለፈ። እኔ ነኝ እንጂ እሱ መናገር አይወድም።

አንቺ ምነው ሸሚዙን ደጋግመሽ ትጨምቂዋለሽ? ደርቋል እኮ። ያንቺ ባል እንዲህ ያለ ሰው እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆን ኖሮ ይኼን ሁሉ ላንቺ እነግርሽ ነበር? ሰርጉ ላይ እንዳትቀሩ። ባልሽንም ይዘሽው ነይ። የድምፅ ማጉያውን የሚሠራው ሌላ ሰው ስለሆነ እሱ አንድም ነገር መንካት የለበትም፤ እጁን ታጥቦ ይብላ፣ ይጠጣ፣ ይደሰት።

እኔ በዚያ ሰው ቂም አልያዝኩም፣ ማርያምን። በጸሎቴ ሁሌ አነሳዋለሁ። አምላክ ረዥም ዕድሜ ይስጠው እላለሁ። ፀጉሩ እስኪነጣ፣ ዓይኑ እስኪደክም፣ ጆሮው እስኪከብድ ድረስ ያኑረው። ያን ጊዜ ደግሞ ብቻውን አይጣለው፤ ከጎኑ ያለው በር ሲከፈት፣ ልክ እንደ ራሱ ደግ፣ ልክ እንደ ራሱ ባለሙያ የሆነ ጎረቤት ይስጠው። አሜን በይ እንጂ፣ ውዳሴዬ።