ሚጥሚጣ የተጠቀለለበት ደራሲ

ስሙኝማ! ያኔ ቦንጋ ውስጥ፣ ከጥቁር ሰሌዳ ሌላ የሚነበብ ነገር የሌላቸውን ልጆች አስተምር ነበር። ከእትዬ ዘሀራ ሱቅ የገዛሁትን ሚጥሚጣ ቤቴ ገብቼ ስገለብጠው፣ መጠቅለያው ወደ አማርኛ ከተተረጎመ የሶቪየት የልጆች መጽሐፍ የተቀደደ ገጽ ሆኖ አገኘሁት። የደራሲው የሕይወት ታሪክ ነው! «የገጠር መምህር ነበር። ለልጆች መጻፍ የጀመረውም…» ይልና እዚያው ላይ ተቀዷል። ወይ ጉድ! እየሮጥኩ ተመለስኩ።

«በግማሹ ለአንዲት ሴትዮ ጨው ጠቀለልኩላት» አሉኝ እትዬ ዘሀራ። «አሁን የሺሺንዳ መኪና ልትሳፈር ወጣች።»

ወደ መናኸሪያ በረርኩ። መኪናው ሞተር አስነስቷል። በሩን ይዤ «ጨው የገዙት እናት!» ብዬ ስጮህ ተሳፋሪው ሌባ መጣ ብሎ ተንጫጫ። ሴትዮዋ ግን ነገሩ ሲገባቸው ጨዉን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ወረቀቱን ሰጡኝ።

«ጨዌን አስገልብጠኸኝማ ለብቻህ አታነብም፤ ጮክ በል!»

ጮክ ብዬ አነበብኩ፤ «…ተማሪዎቹ የሚያነቡት መጽሐፍ ስላልነበራቸው ነው።»

ልጁን የማስተምርለት ሾፌር ዞሮ አየኝና፣

«ታዲያ መምህር፣ እርስዎ ምን ይጠብቃሉ?» አለኝ።